ግልጽ ነው

ተማሪው የማስተርስ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ሲያቀርብ አማካሪው ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ልጁን የመረጠው ራሱ ነው፤ ዛሬ ሊኮራበት ነበር የመጣው።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት ፈታኟ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት ነጥቦች ከተቀራረቡ ይዛመዳሉ ብለህ፣ ይህንን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ዝምድና፣ ኢኩዊቫለንስ ሪሌሽን ብለኸዋል። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ከተዛመዱ አንደኛውም ከሦስተኛው እንደሚዛመድ ማረጋገጫው የታለ? እዚህ ያለው ‹ግልጽ ነው› ብቻ ነው።»

ተማሪው ወደ አማካሪው ዞረ። አማካሪውን ላብ አጠመቀው።

«እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸበት። «ሳታረጋግጥ ግልጽ ነው ትላለህ? ጉድ አደረግኸኝ እኮ!»

«ይሁን፤ እስቲ እዚሁ አሳየን» አሉ ፈታኟ።

ተማሪው ጠመኔ አንሥቶ ሳያመነታ ሦስት ነጥቦች በተርታ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ለመካከለኛው ቅርብ ነው፤ መካከለኛውም ለመጨረሻው። ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት ግን ተራርቀዋል።

«አይሠራም» አለ ቀስ ብሎ።

«ታውቀው ነበር እንዴ? ታዲያ ለምን ጻፍከው?» አሉ ፈታኟ።

አማካሪው ነጥቦቹን አወቃቸው። ከወር በፊት ልጁ እነዚህኑ በብጣሽ ወረቀት ላይ ስሎ ቢሮው ድረስ አምጥቶለት ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ይሄ ግልጽ ነው፤ እንደዚያው ጽፈህ እለፈው» ብሎ መልሶታል።

ተማሪው ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ዶክተርማ አረጋግጥ ብለውኝ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው።»