የይታይሽ ወንፈል

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ የበቀለውንም በረዶ መታው። ይታይሽ ባሏን ቀበረች፤ አንገቷ ላይም እብጠት ወጣ። የተረፈውን ጤፍ ጎረቤቷ ውብአንተ በወንፈል አጨደላት። በተራዋ ማሳው ወርዳ ልታጭድለት ይገባት ነበር፤ ጉልበት አጣች። መኸር በመኸር ላይ አለፈ።

ከተማ ሆስፒታል ስትተኛ የፈራችው ቢላውን አልነበረም። የአንገቱ እጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ጨርሶ የወጣለት ሰው እጢውን የሚተካውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን በየማለዳው ከከተማው ማሽን ላይ መዳፉን አሳይቶ ይቀበላል፤ ማሽኑ ገጠር ስለሌለ ከዚያ በኋላ አገሩ አይገባም። አጠገቧ የተኛችው ማንጠግቦሽ እጢዋ ሙሉ በሙሉ ከወጣላት ቆይቷል። የገጠር ቤቷ ቁልፍ ግን ዛሬም አንገቷ ላይ፣ ከጠባሳው በታች ተንጠልጥሏል። ቤቱ ፈርሷል።

ሐኪሟ የይታይሽን የአንገት ምስል አየች።

«እናቴ፣ ካንሰሩ ትንሽ ነው። ከእጢው አልወጣም፤ ሌላው ጎንም ንጹሕ ነው። ካንሰሩ ያለበትን የእጢውን ግማሽ ብቻ አወጣለሁ።»

«አገሬ እገባለሁ?»

«ይገባሉ። የቀረው ግማሽ ይበቃዎታል።»

«እንግዲያ ለእኔም እጨጂልኝ» አለች ማንጠግቦሽ፣ ቁልፏን እየዳበሰች።

በኅዳር ይታይሽ ማጭዷን ይዛ ከውብአንተ ማሳ ደረሰች።

«የረሳሽው መስሎኝ ነበር» አላት።

«ሰነፍ ቆማ ታወራለች እንዳትለኝ፣ ዞር በል» አለችና ጎንበስ አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ነዶ ያሰረችው እሷ ነበረች። ውብአንተ ወደ አጫጆቹ ዞረ።

«ሁላችሁም እዩልኝ፤ ይታይሽ ወንፈሌን መልሳልኛለች።»