የውዱእ ውሃ

ሙሐመድኑር ከሽንት ቤቱ በር ውጭ ቁጢጥ ብሎ፣ የማንቆርቆሪያውን ውሃ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ በቀጭኑ ያወርድ ነበር። ቧንቧው ከደረቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት ለሚታጠበው ውዱእ ያስቀመጣት ውሃ ይህችው ብቻ ነበረች። ውሃ ሲንቆረቆር ሽንት ይመጣል ሲባል ግን ሰምቷል።

ሚስቱ ሳሚያ ውስጥ ነበረች። ልጅ ፍለጋ ከጋምቤላ አዲስ አበባ ሄደው፣ ከሰውነቷ ውጭ እንዲፀነስ እንቁላሏ በመርፌ ሲወሰድ መርፌው የሽንት ፊኛዋን ነክቶ፣ የረጋ ደም ሽንቷን ዘጋባት። ወደ ጋምቤላ ተመልሰው በቱቦ ስትሸና ሰንብታ፣ ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ቱቦው ሲወጣላት ነርሷ፣ «እስከ ማታ በራስሽ ካልሸናሽ መልሰን እናስገባዋለን» ብላታለች።

«አፈርኩ እኮ፤ ሂድልኝ» አለች ሳሚያ።

«አስር ዓመት ኖረን ዛሬ ነው የምታፍሪኝ? ዝም ብለሽ ውሃውን ስሚ።»

ማንቆርቆሪያው ተንጠፈጠፈ። ሙሐመድኑር የመጨረሻዋን ጠብታ አራግፎ፣ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። የውሃው ድምፅ ግን አልቆመም።

«መጣልኝ! በቃህ አሁን፣ ለውዱእህ ይትረፍህ እንጂ!» አለች፣ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሳይለይ።

ሙሐመድኑር ባዶውን ማንቆርቆሪያ አስቀምጦ፣ ውሃ ያጣ ሰጋጅ እንደሚያደርገው፣ ሁለት መዳፎቹን ደረቁ አፈር ላይ አሳረፈ።