ሁለት ቅጂ የማይይዝ ቤት

አስካለ በማታ ትምህርት ቤት ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና አምስት ወሯ ነው። ሰኞ ዕለት ግድግዳው ላይ «አዲሱ የቤቱ ፕሮግራም ቅጂ ለጆሮ መስሚያው ይስማማል፤ ይጫን?» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ማንንም ሳትጠራ ራሷ አንብባ እሺ አለች። ከሥሩ ያለውን ደቃቅ መስመር ግን አላነበበችውም።

መስሚያው ሠራ። ጆሮዋ በትኩሳት ከተደፈነ ሁለት ዓመት ያለፋት ልጇ ፌቨን የእናቷን ድምፅ ሰማች። በሩ ግን እንደተቆለፈ ቀረ። በዚያ ዘመን የአንድ ቤት ዕቃ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ቅጂ ነበር፤ በሩ ደግሞ ከአሮጌው በቀር አያውቅም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እጀታውን ስትነቀንቅ ሰንብታ መዳፏ ተላጧል። የቀራቸው አንድ ዳቦ ብቻ ነው። ከበሩ ወዲያ የጥገናው ሠራተኛ ሙሉዓለም ቆሟል።

«እትዬ አስካለ፣ ወደ አሮጌው ልመልሰው? በሩ ወዲያው ይከፈታል።»

«ልጄስ?»

«መስሚያው ይዘጋል። አዲሱ አንዴ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አይገባም።»

«ስበረው አላልኩህም?»

«ብረት እኮ ነው! ከበሩ በፊት የምሰበረው እኔ ነኝ።»

ፌቨን በብረት ፍርግርግ የታጠረው መስኮት ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች። «እማዬ፣ ዝናብ እንዲህ ነበር እንዴ የሚጮኸው?»

አስካለ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

«ሙሉዓለም፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀኝ።»

«ሰማዩ ጠቁሯል እኮ እትዬ፤ ዛሬ የሚያባራ አይመስልም።»

«እንግዲያው ነገ ና።»