የፍልሰታ ሰላጣ

በፍልሰታ የአማቷ የማኅበር ተራ ደረሰና አዲሷ ሙሽራ ስልኳ ላይ ያየችውን የመኮሮኒ ሰላጣ ሠራች። ፎሶሊያና እሸት አተር ቀቀለች፤ በሶብላና የድንብላል ቅጠል ከሎሚ ጋር ፈጭታ፣ ማዮኔዝ ጨምራ ለወሰችው። አረንጓዴው ሲያምር አይታ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

«ባለቤት ይቅመስ» ተባለ እንደ ወጉ። አማቷ እማማ ይመናሹ፣ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ ፍልሰታን ገድፈው የማያውቁት ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ ጎረሱ። ከዚያ ጎድጓዳውን ሳህን እንዳለ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄንንስ ለማንም አላካፍልም! እናንተ ሽሮውን ብሉ።»

ደግመው ጎረሱ፤ ደጋገሙት። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«ዘንድሮ ፍልሰታው እትዬን ጎድቷቸዋል!» አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሙሽራዪቱ ፊቷ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ቀና ብላ ሰው ማየት አልቻለችም።

እንግዶቹ እንደሄዱ አማቷን ተከትላ ማድ ቤት ገባች።

«ምነው እማማ? በሰው ፊት አዋረዱኝ እኮ! የመጀመሪያ ድግሴ ነበር።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ባዶውን የማዮኔዝ ጠርሙስ ከቆሻሻው ውስጥ አወጡ። ጀርባው ላይ የተሳለውን እንቁላል በጣታቸው አሳዩዋት።

«አሥራ አንድ ሰው ከሚገድፍ እኔ ብቻዬን ልግደፍ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ለማንም እንዳትናገሪ። እኔን ሆዳም ይበሉኝ።»