ሬሳ ሆኖ የተወነበት ክፍል

ሞሪን ከባሏ ከክሊፎርድ ቀብር እንደተመለሰች ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ የድሮውን የፖሊስ ድራማ ዲቪዲ ከፈተች። እሱ በወጣትነቱ ለአንድ ቀን ተቀጥሮ ሬሳ ሆኖ የተወነበት ክፍል ነበር። መርማሪው አንሶላውን ሲገልጠው የሬሳው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ጋ ሲደርሱ፣ “አንተኮ ሬሳ መሆን እንኳ ያቃተህ ሰው ነህ” ትለው ነበር። እሱም፣ “እስቲ አንቺ በዚያ ብርድ ትንፋሽሽን ያዢ” ይላታል።

ዛሬ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። አንሶላው ተመልሶ ሲሸፍነው ወደ ኋላ ታጠነጥነዋለች፤ እንደገና ይገለጣል።

ልጇ ጂሊያን ሁለተኛ ሻይ ይዛ ገባች። የመጀመሪያው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

“እማዬ፣ ትንሽ አቁሚውና ሻይሽን ጠጪ።”

ሞሪን አውራ ጣቷን ከሪሞቱ ላይ አነሳች።

“ካቆምኩት አይተነፍስም” አለች።