የታንሲ ጠባሳና ያጨበጨበው ሕዝብ

"እጅዎን ከአፏ ላይ ያንሱ! ... ጠባሳዋን አይነካኩት!"

የውሻዋ ባለቤት ብራንት ነው የጮኸው።

የውሻ ውድድር ሜዳ ውስጥ ባለቤት ዳኛ አያናግርም። የውሻዋን ዕድሜ ከጠየቁት ዕድሜዋን ይመልሳል... በቃ።

ዳኛዋ ወይዘሮ ዊልማ ግን እጃቸውን አላነሱም።

ጠረጴዛው ላይ የቆመችው ታንሲ የምትባል ነጭ ቴሪየር ናት፤ ጉድጓድ ገብቶ ቀበሮ ከሚያስወጣው የውሻ ዘር። በዚያ የኦሃዮ ገጠር ታንሲን የማያውቅ የለም። ባለቤቷ ታሪኳን ሳያወራ ውሎ አያውቅማ!

ዛሬም ገና ሜዳው ሳይከፈት ለተመልካቹ አውርቶታል።

"ጀግና ናት እኮ! ቀበሮው አፏን ነክሶ ያዛት፣ እሷም አልለቅም አለች... እኔ ነኝ በአካፋ ቆፍሬ ያወጣኋት!"

ጭብጨባ... ፉጨት... አንዷማ እንባዋን ጠረገች።

"ደግሞ ጨዋነቷ! አንድ ቀን ስትጮህ ሰምታችኋል?" አለ።

አልሰሙም። አሁንም አጨበጨቡ።

የዝርያው ደንብም ከእሱ ጋር ነው። በሥራ ላይ የመጣ ጠባሳ ነጥብ አይቀንስም ይላል። እንዲያውም ጠባሳ ሲያይ ልቡ የሚራራ ዳኛ ሞልቷል።

ወይዘሮ ዊልማ ግን ደማቸው ፈላ።

የቀበሮ ጥርስ እዚህም እዚያም ይቦጫጭራል። ጣታቸው ያገኘው ሌላ ነው። ከአፍንጫዋ በላይ ይጀምርና በአገጯ ሥር ዞሮ ይገጥማል... ቀጭን፣ እኩል፣ ክብ መስመር።

ቀበሮ አፍ አያስርም!

ግን ማን ያምናቸዋል? ብራንትን አገሬው ሁሉ ይወደዋል። ታንሲ ዛሬ ካሸነፈች ሻምፒዮን ትባላለች... የአሸናፊነት ሪባኗን አንገቷ ላይ አድርጋ ተመልሳ ወደዚያው ቤት!

"ዊልማ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለ ኦርቪል፣ የትርኢቱ ሊቀመንበር፣ ከገመዱ ማዶ። የድሮ ወዳጃቸው ነው። "ሰዉን እኮ ፀሐይ ጨረሰው! ስጪውና እንገላገል።"

"ኦርቪል፣ ዳኛዋ እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወደ ተወዳዳሪዎቹ ዞሩ።

"ሁላችሁም ውሾቻችሁን ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተቀያየሩ!"

ሜዳው ተንጫጫ። ይሄ እኮ በልጆች ውድድር ላይ የሚደረግ ነገር ነው... "አሮጊቷ ጃጁ እንዴ?" ያለም አልጠፋም።

ታንሲ ጆሊን ለምትባል ሴት ደረሰች። ታንሲ አይታት አታውቅም።

"በሉ ሩጡ!"

ሮጡ።

መጀመሪያ የታንሲ ጅራት ቆመ። ቀጥሎ ጆሮዋ። ግማሽ ዙር ላይ ስትደርስ የጆሊንን ቀሚስ እየዘለለች ጮኸች... ዋው! ዋው! ዋው!

ያቺ "ጨዋ" የተባለችው!

ሰዉ ሳቀ። ብራንት አልሳቀም። የሌላ ሰው ውሻ እንደያዘ ከሜዳው ማዶ "ዝም በይ!" ብሎ አንባረቀ።

ታንሲ መሬት ላይ ተለጠፈች።

ከሥሯ ሽንት ፈሰሰ። ከዚያ አፏን በሁለት የፊት እግሮቿ መሃል ደበቀችው... እንዳይታሰር።

ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚህ በኋላ የቀበሮ ታሪክ የሚያወራ ካለ ያውራ!

ወይዘሮ ዊልማ ሰማያዊውን ሪባን አነሡ።

"ደንቡ ጠባሳ ነጥብ አይቀንስም ይላል። እኔም አልቀነስኩም። አንደኛ ታንሲ ናት!"

ብራንት ፊቱ በራ። እጁን ዘርግቶ መጣ።

"አንተ ደግሞ ወዴት?" አሉት። "አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። አንተን የሚፈልግህ ሐኪሙ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሸሪፉ።"

የትርኢቱ የእንስሳት ሐኪም መጣ። ፀጉሯን ገለጥ አድርጎ አየ፤ አንገቱን ነቀነቀ።

"ሽቦ ነው" አለ። "ደጋግሞ የታሰረ።"

ታንሲ በዚያ ቀን ወደ ብራንት ቤት አልተመለሰችም። በጆሊን መኪና ሄደች... እየጮኸች።

ሰዉ ሲበተን ኦርቪል ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ዳኛዋ ቀረበ።

"እንዴት አወቅሽ ዊልማ? እኔ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ታሪኩንም ለስንቱ ሰው አውርቻለሁ..."

"ባሌም ነፍሱን ይማርና ወሬ ያሳምር ነበር" አሉ። "ትከሻዬ የተሰበረ ጊዜ ቤታችን ራት በልተሃል፣ ትዝ ይልሃል? 'ፈረስ ጣላት' እያለ እየተነሳ ሲያሳያችሁ?"

ኦርቪል ፈገግ አለ። "እንዴት ይረሳኛል! እንደ ጆንያ ዘጭ አለች ሲል እኮ..."

"ኦርቪል" አሉ ወይዘሮ ዊልማ። "እኔ በሕይወቴ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።"

...

"ያን ቀን ከሁሉም አብልጠህ የሳቅከው አንተ ነበርክ።"



ወዳጆቼ፣ እኔ በብራንት ብቻ አይደለም የተናደድኩት። ጨካኝ የትም አለ። ያናደደኝ ያ ሁሉ አጨብጫቢ ነው! ጠባሳው ያለው አንዷ ላይ፣ ታሪኩን የሚያወራው ሌላው... እንዴት አንድ ሰው እንኳ ግራ አይገባውም?

ከማጨብጨባችሁ በፊት የተጎዳውን ጠይቁ። መናገር ካልቻለ ደግሞ ያ ሰው አጠገቡ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ እዩ። ዝምታ ሁልጊዜ ወርቅ አይደለም... አንዳንዴ ሽቦ ነው።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። በሰፈራችሁ፣ በዘመዶቻችሁ ቤት "እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ ድምጿ እንኳ አይሰማም" ተብላ የምትመሰገን ሴት የለችም?

ዝም ያለችው ወዳ ይመስላችኋል?

ስሟን ሳትጠሩ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ከዚያ ግን ስልኩን አስቀምጡና ሄዳችሁ እዩዋት።