ጠግቤያለሁ ያለችው ድመት

ዳማ ምንም ሳትበላ ኢንሱሊን ተወጋች፤ የወጋቻት ደግሞ ሕሊና ናት። ስኳር ያለባትን ድመቷን «በላሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ አንገቷ ላይ ያለው ተናጋሪ ማሰሪያ «ጠግቤያለሁ፣ ተመስገን» ብሏት ነበር። እንስሳት በማሰሪያ መናገር ከጀመሩ ወዲህ የድመት ሳህን የሚያይ ሰው የለም።

የእንስሳት ሐኪሙ ራሷን ስታ የመጣችውን ዳማን በግሉኮስ አነቃት።

«ቆሽቷ ተቆጥቷል፤ ምግብ ካስጠላት ሰንብቷል» አለ። «ከእንግዲህ ስትበላ በዓይናችሁ ሳታዩ እንዳትወጓት።»

ሕሊና ማሰሪያውን በጥርጣሬ አገላበጠችው። «ይሄ ማሰሪያ መዋሸት ከማን ተማረ?»

«የሚይዘው የቤቱን ሰው አነጋገር ነው» አለ ሐኪሙ።

«ከእኔ ነዋ!» ብለው ሳቁ አብረዋት የመጡት እናቷ ወይዘሮ አስካለ። «ታዲያ አመመኝ እያለች ሰው ታስጨንቅ?»

ሕሊና ዞር ብላ አየቻቸው። እየሳቁ በአንድ እጃቸው ሆዳቸውን ጨብጠዋል።

«እማዬ፣ ሆድሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን እሆናለሁ፣ ብርድ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ተይኝ አንቺ ደግሞ! ከፋሲካ ወዲህ ነው።»

«ተነሽ፣ የሰው ሐኪም ጋ እንሂድ።»

ማሰሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ዳማን ለሐኪሙ ትታ፣ የእናቷን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወጣችና በሩን ዘጋችው።